አንድ መልክ ነን

ማስታወቂያው የመጣው ነሐሴ ሃያ ስድስት ቀን 2086 ዓ.ም. ነው፤ ያነበበላትም የቤቷ በር ነው። በር ከመከፈቱ በፊት የመንግሥት ማስታወቂያ ካለ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት። ስለዚህ ናርዶስ ዳቦ ልትገዛ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማ ሰማች።

"ከጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጄፔግ የተባለው የፎቶ ፋይል አይከፈትም። ፎቶግራፍ ያላችሁ ነዋሪዎች በአቅራቢያችሁ ወዳለው የፎቶ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ መልክ ምረጡ። መልክ ያልተመረጠለት ፎቶ እንዳልተነሳ ይቆጠራል። ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ" አለች። በሩ ተከፈተ።

መስማቱንስ ሰምታለች፤ የገባት ነገር ግን አልነበረም። የፋይልን ዓይነት የሚገልጸውን ፎርማት የሚባለውን ቃል የቃላት ኮሚሽን ከሃያ ዓመት በፊት ከሥልጣኑ አውርዶ በቦታው "መልክ"ን ሾሞታል። ናርዶስ ሹመቱን አልሰማችም። ዕድሜዋን የጨረሰችው ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከማሽን የሚወጣውን ጨርቅ እየፈተሸች ነው፤ መልክ ስትባል የምታውቀው እግዜር አንዴ ሰጥቶ የማይመልሰውን ነው። በሰባ አንድ ዓመቷ መልክ ምረጪ መባሉ ገርሟት ዳቦውን ረስታ ተመለሰች፤ በሩም ማስታወቂያውን እንደገና ከመጀመሪያው አነበበላት።

ነገሩን በቀልድ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ፎቶ የሚለው ቃል ግን አላስተኛትም። መንትያ እህቷ ሶልያና ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ አልወለደችም፤ ልብሷ በአርባዋ ለነዳያን ተሰጥቷል። ከእሷ የቀረ ነገር ቢኖር አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ነው፤ ያም ሁሉ ጄፔግ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጸጉሯን አበጥራ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ "ከመረጡልኝ እንግዲህ የሠላሳ ዓመቱን ይምረጡልኝ" እያለች በገመድ መኪና ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወረደች። ከተማው እንደ ልማዱ ጉም ውጦት ነበር።

የፎቶ መዝገብ አዳራሽ ውስጥ ተራ የሚጠራው በባለ ጉዳዩ ስም አይደለም፤ በፎቶዎቹ ላይ በብዛት በሚታየው ሰው ስም ነው። እንዲህ ሲሆን ፋይል በቶሎ ይገኛል ይላሉ። ስለዚህ ከጣሪያው የሚወርደው ድምፅ ቀኑን ሙሉ የሙታንን ስም ይጠራል፤ በሕይወት ያሉት እየተነሡ "አቤት" ይላሉ። አንድ ሽማግሌ "ሕፃን ያፌት!" ሲባል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የሳቀም የደነገጠም የለም፤ ሰው ያልለመደው ነገር ምን አለ።

"ሶልያና ሰናይ!"

ናርዶስ ግራና ቀኟን አየች። ሁለተኛ ሲጠራ "አቤት" አለች፤ ብላም ሰውነቷን ሰቀጠጣት።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ኢክራም ትባላለች፤ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለች፣ ፊቷ ፈገግታ ያልራቀው ሴት ናት። ከፊቷ ያለውን ሰሌዳ አየችና፣ "እንኳን ደህና መጡ እማማ። ሁለት መዝገብ ነው የማየው፤ አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በእህትዎ ስም። በየራሳችሁ መልክ ናችሁ ወይስ አንድ መልክ?" አለቻት።

ናርዶስ ከልቧ ሳቀች። "አንድ መልክ ነን እንጂ የኔ ልጅ! እናታችን እንኳ እየተምታታንባት አንዳችንን ሁለቴ አጥባ ሌላዋን ሳታጥብ ታስተኛ ነበር።"

"አንድ መልክ ልበለው?"

"በይው! አገር ያወቀው አይደል።"

ኢክራም አንድ መልክ ብላ መዘገበችው። "አሁን ከሦስቱ አንዱን ይምረጡልኝ። ጥሬ፣ ፎቶው እንደተነሳ ነጥብ ሳይጎድልበት የሚቀመጥበት ነው፤ ግን ቦታ ይበላል፣ ሰው ላለበት ፎቶ አይፈቀድም። ለካርታ፣ ለሰነድ፣ ለመልክዓ ምድር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእናንተ እሽግ ነው ወይ ቃል።"

"እሽጉ ምን ያደርጋል?"

"የተደጋገመውን አንዴ ብቻ ይይዛል። አሁን ለምሳሌ ይሄ የቤታችሁ ሶፋ ሁለት መቶ ፎቶ ላይ አለ፤ ሁለት መቶ ጊዜ አናስቀምጠውም፣ አንዴ ነው።"

"ደግ ነው። ሶፋውስ ቢሆን አንድ አልነበረ?"

እንዲህ ሆነ ውሳኔው። ናርዶስ መልኳ ሳይነካ በመመለሷ እየተደሰተች ወጣች፤ ደጅ ቆማም መልክ የተባለው የትኛው እንደነበር አሰበች፣ አልደረሰችበትም።

ናሙናው ነሐሴ ሠላሳ ቀን ግድግዳዋ ላይ መጣ። የመጀመሪያው የምረቃቸው ፎቶ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይስቃሉ። ጥራቱ የሚያስደንቅ ነው፤ የካባው ክር ይቆጠራል። "ተባረኩ" አለች ናርዶስ። ከዚያ የአጎታቸው ልጅ ሠርግ መጣ፤ ይስቃሉ። የገና ዕለት፤ ይስቃሉ። ወደ ሃያኛው ስትደርስ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

በታተመ ጨርቅ ላይ አበባው በየስንት ጣቱ እንደሚደገም ዓይኗ ገና ሲያርፍ የምታውቅ ሴት ናት። ሳቁ አንድ ነው። በሁሉም ፎቶ ላይ፣ በሁለቱም ፊት ላይ፣ አንድ ሳቅ። ወደ ግድግዳው ቀረበች። የዓይኖቹ ጥግ፣ የከንፈሩ መስመር፣ በግንባሩ ላይ የወደቀው ብርሃን እንኳ አንድ ነው። መሣሪያው ሁለቱን እህትማማቾች እንደ ሶፋው ቆጥሮ አንዷን ብቻ ይዟል።

የትኛዋን?

መጀመሪያ "የኔን ነው የያዙት" አለች፤ እህቷ ከፎቶዋ ሁሉ ተነቅላ የወጣች መሰላትና አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተራው የተጠራው በሶልያና ስም መሆኑ ትዝ አላት። ታዲያ የተያዘችው ሶልያና ከሆነች የጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው ብላ እንባዋን ጠረገች፤ ይህኛው ይሻል ነበር፤ ግን እርግጠኛ አልሆነችም። መስተዋት ፊት ሄደች። መስተዋቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት አለች፤ እሷም ማንንም አትመስልም።

ጄፔጎቹ ገና አልተዘጉምና አሮጌዎቹን ከፈተቻቸው። እዚያማ እንለያያለን አለች። ባሰባት። እናታቸው ከአንድ ጣቃ ቆርጣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ነው የምታለብሳቸው፤ ሹሩባቸውም አንድ ነው። እናታቸው ከየፎቶው ሥር "ከግራ ናርዲ፣ ከቀኝ ሶሊ" እያለች ጽፋ ነበር፤ ዳሩ የዚያ ዘመን ስልክ በፊት ካሜራው ሲያነሳ ግራና ቀኙን ይገለብጥ ነበር፤ የትኛው በፊት፣ የትኛው በኋላ ካሜራ እንደተነሳ አሁን የሚያውቅ የለም። ደግሞስ የራሳቸው ጉድ አለ አይደል? ስም እየተለዋወጡ ነው ያደጉት። የአሥረኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና ሶልያና ሁለት ጊዜ ነው የተፈተነችው፤ አንዴ በራሷ፣ አንዴ በናርዶስ ስም፤ በናርዶስ ስም የተሻለ አምጥታለች። በዚያ ቀን የተነሣው ፎቶ ላይ "ናርዲ" የተባለችው ማን ናት?

ጳጉሜን ሁለት ቀን ጎረቤቷ አቶ ናሆም ሰምተው መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ያልተጠየቁትን መመለስ ይወዳሉ።

"እኔ የሠርጌን በቃል ነው ያስቀመጥኩት" አሉ፣ ተደላድለው ተቀምጠው። "ቦታ አይፈጅ፣ አያረጅ። የፎቶው ነገር በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ማየት ስትፈልጊ ከጽሑፉ እንደ አዲስ ይሣልልሻል። ባለፈው ሳምንት ሚዜዎቼ ሦስት ነበሩ፣ ትናንት አራት ሆኑ።"

"ስንት ነበሩ በእውነቱ?"

አቶ ናሆም ጣታቸውን ቆጠሩ፤ ትተውትም "እሱን እንኳ አሁን... ብቻ አራተኛውም ጨዋ ልጅ ይመስላል" አሉ።

"ሚስትዎስ ጋሽ ናሆም? እሷን ትመስላለች?"

"በየቀኑ ታምራለች" አሉ አቶ ናሆም፤ ለመሄድ እየተነሡም፣ "አንዳንዴ ማናት ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ" አሉ።

ሲሄዱ ናርዶስ ቃል የተባለውን ሞከረችው። ግድግዳው "ሴትየዋን ከሌላ ሰው የምትለይበትን ይናገሩ" አላት። አሰበች። የሶልያና ምኗ ነበር የሚለየው? ቁጡ ናት፤ በፎቶ አይታይም። ጨው ታበዛለች፤ አይታይም። ለጥቂት ጊዜ ስትቁለጨለጭ ቆየችና "እኔን ትመስላለች" አለች። ግድግዳው አመስግኖ ሁለት ናርዶስ ሣለላት።

ጳጉሜን አምስት ቀን ከቀትር በኋላ ተመልሳ ቧንቧ ውሃ ወረደች። አዳራሹ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል፤ ስሞቹ እየተጣደፉ ይጠራሉ። "ሶልያና ሰናይ!" ሲባል ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ አንድ መልክ ነን ያልኩሽን ሰርዢው" አለች ናርዶስ ገና ሳትቀመጥ። "እኔ የነገርኩሽ የፊታችንን ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ለካ ሌላ ኖሯል።"

ኢክራም አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ እማማ! እኔ ደግሞ የፋይሉን..." ፈገግታዋ ጠፋ። "ወላሂ አላሰብኩትም። ስንቱ ሰው አንድ መልክ ነን ብሎኝ ሄዷል።"

"ይስተካከላል?"

"አንድ መንገድ አለው። አሥር ፎቶ ያሳይዎታል፤ እርስዎ የትኛዋ እንደሆኑ ይጠቁማሉ። አሥሩንም ሳይሳሳቱ ከጠቆሙ ለሁለት ይከፍላችኋል።"

ሰሌዳው ዞረላት። በመጀመሪያው ላይ የግራዋን ጠቆመች፣ በሁለተኛውም የግራዋን። ሦስተኛው ላይ ቆየች፤ የቀኟ የእሷን የመሰለ ጉትቻ አድርጋለች፤ ግን ጉትቻውንም ይዋዋሱ ነበር። ቀኟን ነካች። ሰባተኛው መጀመሪያ ያየችው ፎቶ ራሱ ነበር፤ ሆን ብለው ነው የሚደግሙት። ናርዶስ አላወቀችውም፤ የቀኟን ነካች።

"ምስክርነቱ እርስ በርሱ ይጋጫል" አለ መሣሪያው። "አንድ መልክ ሆኖ ይጽና።"

"የት ሄጄ ልጠይቅ?" አለች ናርዶስ። "የሚያውቀን ሰው ሁሉ ሞቷል። አንድ ምስክር እኔ ነበርኩ፤ እኔም ጠፋኝ። በሕይወቷ ቀበርኳት ልበል በሞቷ፣ እንጃ።" ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

የኢክራም እጅ ልማዱን ይዞ ቀጣዩን ገጽ ከፈተ። "እሺ እማማ... ይቺን ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ የሚጣሉ ፎቶዎች ናቸው። አርባ አንድ። ከእርስዎ ስልክ የመጡ፣ የተበላሹ፣ መሣሪያው ሰው ያላገኘባቸው።"

የመጀመሪያው ተከፈተ። አመድማ ሰማይ፣ የጦሳ ተራራ ጫፍ፣ መሐሉ ላይ ወደ ጎን የተሳበ ነጭና ቡናማ ነገር፤ ልብስ ይሁን ሰው፣ ነፋስ ይሁን አይታወቅም።

"ቆይ" አለች ናርዶስ።

ሁለተኛው ተከፈተ። በር ላይ የተጎተተ ጥላ። ሦስተኛው፤ ሐምራዊ ጭረት ብቻ።

"ሶሊ" አለች። "እሷ ናት። ወይኔ እህቴን፣ እሷ ናት!"

ምንም ማሰብ አላስፈለጋትም። ሶልያና ካሜራ ፊት አርፋ ቆማ አታውቅም፤ "በይ ልነሳ" ብላ ራሷ ለምና፣ ልክ ሲነካ ትዞራለች፣ ትዘላለች፣ ታነጥሳለች። አብረው ሲነሱ ናርዶስ ክንዷን ጨብጣ ትይዛታለች፤ ለዚህ ነው እነዚያ ፎቶዎች ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀጥ ያሉት። ስልኩን ናርዶስ ስትይዝ ግን ሶልያናን የሚይዛት አልነበረም። ያ ርካሽ ስልክ ደግሞ እሷን የሚቀድም አልነበረም። አርባ አንዱም እሷ ናት፤ ከአርባ አንዱ በአንዱም ናርዶስ የለችም።

"እነዚህን በጥሬ አድርጊልኝ። ያንን ሁሉ ውሰዱት፤ እነዚህን።"

ኢክራም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክ በመዳፏ ከደነችውና ተጠጋቻት።

"እማማ፣ ይስሙኝ። እሷ ናት ካሉ ሰው አለበት ማለት ነው። ሰው ካለበት ወደ እሽግ ይገባል፤ እሽጉ ደግሞ ያንኑ ፊት አምጥቶ ይለጥፍበታል፤ ያስተካክለዋል። ገባዎት? ጥሬ የሚሆነው ሰው የለበትም ካሉ ብቻ ነው። እሱንም በድምፅዎ፣ ለእያንዳንዱ።"

"ሰው የለበትም ልበል? እሷን እያየሁ?"

"መልክዓ ምድር ይባላል ያን ጊዜ። ማንም አይነካውም።"

ናርዶስ ሰዓቱን አየች፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው። አምስት ቀን ሙሉ እህቷን ስትፈልግ ከርማ አሁን ማግኘቷ እውነት መሆኑን እንኳ ገና አላመነችም፤ አንዴ አቅፋ ሳትስማት አላውቃትም በይ እየተባለች ነው። "እሺ" አለች፤ ኢክራም መዳፏን ከማይኩ ላይ አነሳች።

"በዚህ ፎቶ ላይ ሰው አለ?" ሲል ጠየቀ መሣሪያው።

"የለም።"

"ሙሉውን ይናገሩ።"

"በዚህ ፎቶ ላይ ሰው የለም።"

"ተመዝግቧል። ጥሬ።"

በሩ ላይ ያለችው መጣች፤ ሰው የለም አለች። ሐምራዊዋ መጣች። ሐምራዊውን ሹራብ ማን እንደሠራላትም፣ የት እንደጠፋባትም፣ ጠፍቶባት ስንት ቀን እንዳኮረፈችም ታውቃለች፤ ሰው የለም አለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረና መሣሪያው "አልተሰማም፣ ይድገሙ" አላት። ደገመችው። ከሰልፉ አንዱ "ምንድን ነው የሚያስለቅሳት? ባዶ ፎቶ አይደል?" ብሎ ጠየቀ። ኢክራም ፊቷን ወደ ውጭው መስኮት አዙራ ጉሙን ታይ ነበር።

ሃያ ላይ ፈጠነች፤ ሠላሳ ላይ ቃሉ ትርጉሙን ለቆ አፏ ውስጥ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ያ ደግሞ አስፈራትና እንደገና ቀስ አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አርባ አንደኛው ተከፈተ።

ሶልያና ስልኩን ልትነጥቃት ወደ ካሜራው የሮጠችበት ነው። ሰማይ የለ፣ ተራራ የለ፤ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የተዘረጋ መዳፏ ነው፤ መስመሮቹ የጠፉ፣ ብርሃን በጣቶቹ መሐል የሚያልፍበት።

"በዚህ ፎቶ ላይ ሰው አለ?"

ናርዶስ እጇን ዘርግታ መዳፏን መዳፉ ላይ አደረገችው። የሰሌዳው መስተዋት ሞቅ ይላል፤ መሣሪያ ስለሆነ ይሞቃል።

"ሙሉውን ይናገሩ።"

"በዚህ ፎቶ ላይ ሰው የለም" አለች። እጇን ግን አላነሳችም።